የውጭውን የዓሣ እርባታ ደረጃ ተርጉመን ብናጸድቀውስ?

ጥያቄው የመጣው በጣና ዙሪያ ካሉት ወረዳዎች በአንዱ በዓሣ ሀብት ሥራ ላይ ከተመደቡ ባለሙያ ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «በአካባቢያችን ወጣቶች በማኅበር እየተደራጁ የዓሣ ማርቢያ ኩሬ እየቆፈሩ ነው፤ አንዳንዶቹም ሐይቁ ላይ በኬጅ፣ ማለትም ውኃው ውስጥ በሚቀመጥ የመረብ ቤት፣ ማርባት እንፈልጋለን ይላሉ። ለዘላቂ የዓሣ እርባታ የምስክር ወረቀት የሚያሰጥ ደረጃ እንድናረቅ ተጠይቀን ኮሚቴ ተቋቁሟል። አብዛኞቹ የኮሚቴው አባላት በዓለም የታወቀውን የቆሮሶ (ቲላፒያ) እርባታ ደረጃ ወደ አማርኛ መልሰን ብናጸድቀው ጊዜም ገንዘብም ይተርፈናል ባይ ናቸው። ይህ ያዋጣል? ካላዋጣስ ከየት እንጀምር፣ ስንት ጊዜስ ይፈጅብናል?»

አጭሩ መልሴ አጽሙን ውሰዱ፣ ቁጥሩን ተዉት የሚል ነው። አንድ ደረጃ ሁለት ነገር በውስጡ ይዟል። አንደኛው ምን ዓይነት ጉዳት እንደሚፈራ፣ ጉዳቱ በምን እንደሚለካና ልኬቱን ማን እንደሚያረጋግጥ የተደራጀበት ቅርጽ ነው፤ ሌላው በየአንቀጹ የተቀመጠው ወሰን ነው። ቅርጹ ከአገር አገር ይሻገራል። ወሰኑ ግን ለአንድ ዓይነት ውኃ፣ ለአንድ ዓይነት ገበያና ለአንድ ዓይነት አርቢ ተለክቶ የተሰፋ ልብስ በመሆኑ፣ ሌላ ሰው ሲለብሰው ወይ ይጠበዋል ወይ ይሰፋዋል። ከሁለቱ የሚብሰው መስፋቱ ነው፤ የጠበበው ቅሬታ ስለሚያስነሣ ቶሎ ይታወቃል፣ የሰፋው ግን ማንም ሳያማርር ሐይቁን ይጎዳል።

ኮሚቴው በእጁ የያዘው ሰነድ እንዴት እንደተወለደ ማወቅ ለውሳኔ ይረዳል። ደብልዩ ደብልዩ ኤፍ የተባለው ዓለም አቀፍ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ አርቢዎችን፣ ገዢዎችን፣ ተመራማሪዎችንና ተሟጋቾችን በየዓሣው ዓይነት የሚያወያይ መድረክ ከፈተ፤ በጠቅላላው ከ2,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈውበታል። የቆሮሶው ውይይት በ2005 ተጀምሮ ደረጃው የተጠናቀቀው በ2009 መጨረሻ ነው። ደረጃዎቹን የሚያስተዳድረው አኳካልቸር ስቱዋርድሺፕ ካውንስል፣ በአኅጽሮት ኤኤስሲ፣ የተመሠረተው ከዚያ በኋላ በ2010 ሲሆን፣ በእርሱ ሥር ለመጀመሪያ ጊዜ በ2012 የምስክር ወረቀት ያገኘው የኢንዶኔዥያ የቆሮሶ እርባታ ነበር። በመድረኩ ላይ ሲታዩ የነበሩት እርሻዎች በአብዛኛው ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ፊሌቶ የሚልኩ፣ ሙቅ ውኃ ላይ ያሉ፣ በፋብሪካ መኖ የሚሠሩ ትልልቅ ድርጅቶች ናቸው። የጣናን ጭቃማ ውኃ፣ ከወፍጮ ቤት የሚመጣውን ፉርሽካና መቶ ካሬ ሜትር ኩሬ ያለውን ወጣት ያሰበ ሰው ከመካከላቸው መኖሩን እጠራጠራለሁ። በዚያ ላይ ኤኤስሲ በየዓሣው ዓይነት የተጻፉትን ደረጃዎች በአንድ የጋራ ደረጃ እየተካ ነው፤ ስለዚህ አሁን የድሮውን መተርጎም በመሰናበት ላይ ያለ ሰነድ መተርጎም ይሆናል።

ደረጃ የሚጻፈው ከሌላ ደረጃ ተነሥቶ ሳይሆን ከጉዳት ተነሥቶ ነው። መጀመሪያ በዚህ አካባቢ ዓሣ ማርባት ምን ምን ሊያበላሽ እንደሚችል ይዘረዘራል፤ ከየጉዳቱ መርሕ ይወጣል፣ ከመርሑ መመዘኛ፣ ከመመዘኛው አመልካች፣ በመጨረሻ ለአመልካቹ ወሰን ይቀመጥለታል። የቆሮሶው ደረጃ ሰባት መርሖች፣ ሕግን ማክበር፣ የተፈጥሮ መኖሪያን መጠበቅ፣ ውኃን መጠበቅ፣ የዱር ዓሣዎችን መጠበቅ፣ ግብዓትን በቁጠባ መጠቀም፣ የዓሣውን ጤና መንከባከብ፣ ለሠራተኛና ለጎረቤት ኃላፊነት መውሰድ፣ ለእኛም ይበቃሉ፤ እነርሱን መለወጥ ጊዜ ማባከን ነው። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው የዓሣ እርባታ የምስክር ወረቀት መመሪያ ላይ የዓሣ ጤናን፣ የምግብ ደኅንነትን፣ አካባቢንና ማኅበራዊ ጉዳይን ይዟልና ከዚያ ጋር ማመሳከር አይከፋም። ሥራው ያለው ከአመልካቹ ጀምሮ ነው። ለእያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ፈተና አቅርቡለት፦ የማይተዋወቁ ሁለት ኦዲተሮች በዚሁ አንቀጽ አንዱን ኩሬ ቢመዝኑ አንድ ዓይነት መልስ ይዘው ይመለሳሉ? «አርቢው ለአካባቢው ተገቢውን ጥንቃቄ ያደርጋል» የሚል አንቀጽ ይህን ፈተና አያልፍም። በረቂቆቻችን ውስጥ እንዲህ ያለው ዓረፍተ ነገር እንደ አረም የሚበዛው ለመጻፍ ስለሚቀልና በስብሰባ ላይ ማንንም ስለማያስቀይም ይመስለኛል።

አሁን ስለ ቁጥሮቹ። ኦክስጅንን ውሰዱ። የቆሮሶው ደረጃ ከማርቢያው የሚወጣውን ውኃ የሚቀበለው ወንዝ ወይም ሐይቅ ኦክስጅኑ በቀንና በሌሊት መካከል ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ይለካል፤ መዋዠቁ ውኃው በሙሌት ሊይዘው ከሚችለው ኦክስጅን ከ65 በመቶ እንዳይበልጥ ይጠይቃል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ውኃ በማዳበሪያነት የሚያገለግል ንጥረ ነገር ሲበዛበት ዋቅላሚው (አልጌው) ይፈላል፣ ቀን ኦክስጅን ያመርታል፣ ሌሊት ራሱ ያመረተውን ይተነፍሳል፣ ልዩነቱም ይሰፋል። ችግሩ «በሙሌት» የሚለው ቃል ላይ ነው። በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ ንጹሕ ውኃ በሊትር ወደ 8.3 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይይዛል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ተመሳሳይ ሙቀት ያለው ውኃ እዚያ የሚይዘው ወደ 6.7 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። እንግዲህ ጠዋት 2.4፣ ከሰዓት በኋላ 7.0 ተለካ እንበል፤ ልዩነቱ 4.6 ነው። በባሕር ጠለሉ ሰንጠረዥ ያሰላ ሰው 55 በመቶ አግኝቶ ያሳልፈዋል። በትክክለኛው የከፍታ ሒሳብ ግን 69 በመቶ ይሆናልና ይወድቃል። የተተረጎመው ሰነድ አባሪ ሰንጠረዡ የከፍታ ማስተካከያ ከሌለው፣ ማንም ሳያጭበረብር ለተበከለ ወንዝ የንጽሕና ወረቀት ይሰጠዋል ማለት ነው።

ልኬቱ የሚወሰድበት ሰዓትም እንዲሁ በአንቀጹ ውስጥ መጻፍ አለበት። የኩሬ ውኃ ኦክስጅን ከሁሉ ዝቅ የሚለው ጎሕ ሲቀድ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ነው፤ ከሁሉ ከፍ የሚለው ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ ነው። ኦዲተር ግን ሰው ነውና ቁርሱን በልቶ፣ መኪናው ተገኝቶለት፣ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ይደርሳል። በዚያ ሰዓት ሌሊቱን ዓሣው አፉን ወደ ላይ ከፍቶ አየር ሲቃርም ያደረበት ኩሬ እንኳ ጥሩ ቁጥር ያሳያል። «ኦክስጅን ይለካል» ከሚል አንቀጽ ይልቅ «ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት፣ ከውኃው ወለል 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይለካል» የሚል አንቀጽ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የውኃ ጥራት በሴኪ ዲስክ የሚለካበት አንቀጽ ለጣና ከኦክስጅኑም ይልቅ አሳሳች ነው። መሣሪያው ቀላል ነው፤ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጥቁርና ነጭ ቀለም የተቀባ ክብ ሳህን በገመድ ወደ ውኃው ይወርድና ከዓይን የሚሰወርበት ጥልቀት ይመዘገባል። እ.ኤ.አ. በ1865 አንድ ጣሊያናዊ ቄስ ከጳጳሱ መርከብ ላይ ካወረደው ወዲህ አሠራሩ ብዙም አልተለወጠም፤ ማንም ወጣት አንጥረኛ ጋ ሄዶ ሊያሠራው ይችላል። ዓለም የሚጠቀምበት ሳህኑ ቶሎ ከተሰወረ ዋቅላሚ በዝቷል፣ ስለዚህ ንጥረ ነገር በዝቷል በሚል ግምት ነው። ጣናና ዝዋይ ውስጥ ግን ሳህኑን ቶሎ የሚሰውረው ከተራቆተው ተፋሰስ የሚታጠበው አፈር ነው። ክረምት ላይ የጉማራና የርብ ወንዞች ቡና መስለው ሲገቡ የሴኪ ልኬት ስለ ዓሣ አርቢው ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ ላይኛው ተፋሰስ እርሻ ነው። እዚህ ላይ አመልካቹን ራሱን መለወጥ፣ በሳህኑ ፋንታ ክሎሮፊልን (የዋቅላሚውን አረንጓዴ ቀለም) እና ፎስፈረስን በላቦራቶሪ ማስለካት፣ ሳህኑንም ለኩሬ ውስጥ አያያዝ ብቻ ማስቀረት ይበጃል።

መኖ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይገለበጣል፤ በውጭው ደረጃ ሰፊ ቦታ የያዘው ክፍል ለእኛ አንድ አንቀጽ ይበቃዋል። እዚያ ዋናው ጭንቀት መኖው ውስጥ የሚገባው የዓሣ ዱቄትና የዓሣ ዘይት ከየትኛው ባሕር ተጠምዶ መጣ የሚለው ነው። የእኛ አርቢ የሚያበላው የስንዴ ፉርሽካ፣ የኑግ ፋጉሎ፣ አንዳንዴም የቢራ ፋብሪካ አተላ ስለሆነ ለዓሣ ዱቄቱ ቀላል ገደብ አስቀምጦ ማለፍ ይቻላል። በምትኩ ፋጉሎ በእርጥብ መጋዘን ሲከርም የሚያወጣው ሻጋታና ሻጋታው የሚፈጥረው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ የራሱ አመልካች ይፈልጋል፤ መኖው ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ መቀመጡና የገባበት ቀን በጆንያው ላይ መጻፉ በዓይን ሊረጋገጥ የሚችል ነገር ነው።

ከመኖ የሚቀረው ትልቁ ጉዳይ ብዛቱ ነው። 30 በመቶ ፕሮቲን ያለው መኖ 4.8 በመቶ ናይትሮጅን አለው። አንድ ቶን ዓሣ ለማድረስ 1.7 ቶን መኖ ከፈጀ፣ ወደ ውኃው የገባው ናይትሮጅን 82 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። የዓሣው ሰውነት 14 በመቶ ያህሉ ፕሮቲን ነው ብለን ብናሰላ፣ በዓሣው ሥጋ ሆኖ የሚወጣው ወደ 22 ኪሎ ግራም ነው፤ የቀረው 60 ኪሎ ግራም አካባቢ ውኃው ውስጥ፣ ደለሉ ውስጥ ወይም አየር ላይ ይቀራል። መኖው 2.2 ቶን ከደረሰ ቀሪው ከ80 ኪሎ ግራም ያልፋል። የዶሮ ኩስ ለማዳበሪያ ከተጨመረ እርሱም መደመር አለበት። ስለዚህ የመኖን ምጣኔ፣ ማለትም አንድ ኪሎ ዓሣ ለማድረስ ስንት ኪሎ መኖ እንደፈጀ፣ መለካት የአርቢውን ኪስና የወንዙን ጤና በአንድ ቁጥር መለካት ነው፤ ከመላው ደረጃ አንድ አመልካች ብቻ አስቀሩ ብባል ይህን አስቀራለሁ። ወሰኑን ግን ከኢንዶኔዥያ አታምጡ። ቆሮሶ በደንብ የሚያድገው ውኃው ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ ከ20 በታች ሲወርድ ፍላጎቱም ዕድገቱም ይዳከማል። ደጋ ላይ ያለ ኩሬ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ የሚያስመዘግበው ምጣኔ አርቢው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም።

ይህን ቁጥር ለማግኘት ደግሞ የሚዛን ጉዳይ አለ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጠንቃቃ አርቢ ዘንድ ሄጄ ነበር። ግድግዳው ላይ ከሱቅ በስጦታ ያገኘው የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ በየቀኑ ሣጥን ውስጥ «3 ጠ 2 ማ» ብሎ ጽፏል፤ ጠዋት ሦስት ጣሳ፣ ማታ ሁለት ጣሳ ማለት ነው። ከስምንት ወር በላይ አንድ ቀን አልዘለለም። እንዲህ ያለ መዝገብ በየቦታው አይገኝምና ደስ ብሎኝ ጣሳውን ተቀብዬ በያዝኩት ሚዛን መዘንኩት። የፋጉሎው ጣሳ ከፉርሽካው እጥፍ ገደማ ከበደ። በየትኛው ቀን የቱን እንደሰጠ ግን አልተጻፈም፤ «እንደተገኘው ነው፣ ጋሼ» አለኝ። የስምንት ወር ትጋት አንድ ፊደል ባለመጨመሩ ለስሌት ሳይበቃ ቀረ። ኮሚቴው ደረጃውን ሲጽፍ የመዝገቡን ቅጽ አብሮ ይጻፍ የምለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቅጹም ጣሳን በኪሎ የሚተረጉም ቦታ ይኑረው፣ አንድ ገጽም አይለፍ።

ስለ ዝርያው በተለይ አትቸኩሉ፤ ተርጉሞ ማጽደቁ ከሁሉ ይበልጥ የሚጎዳው እዚህ ነው። ቆሮሶ በእስያና በላቲን አሜሪካ እንግዳ ዓሣ ነው። ስለዚህ የውጭው ደረጃ የሚጠይቀው ዓሣው ውኃው ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2008 መጀመሪያ በፊት ራሱን እየተካ ይኖር ነበር ወይ ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ጣና ዳር ሲጠየቅ መልሱ ያለ ጥርጥር አዎ ይሆናል፤ ቆሮሶ አገሩ ነው። እናም በዚያ አንቀጽ ብቻ ከሄድን ከየትም የመጣ ማንኛውም ቆሮሶ በራሱ ጊዜ ያልፋል። የእኛ ስጋት ግን ተገላቢጦሽ ነው። የጣናው ቆሮሶ እ.ኤ.አ. በ1992 ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ ሆኖ በሳይንስ የተመዘገበ ነው፤ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችም የራሳቸው አላቸው። ጊፍት የሚባለው በምርጫ የተሻሻለው ቆሮሶ ከ1988 ጀምሮ ፊሊፒንስ ውስጥ የተዘጋጀው ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል ከተሰበሰቡ የዱር ዓሣዎችና እስያ ውስጥ ይረቡ ከነበሩ ቆሮሶዎች ነው። ቶሎ ስለሚያድግ አርቢው ቢፈልገው አይፈረድበትም። ሆኖም አምልጦ ሐይቁ ከገባ ከጣናው ዘመዱ ጋር ይዳቀላል፤ ከዚያ በኋላ መለየትም መመለስም አይቻልም።

ስለዚህ ለዚህ ምዕራፍ አንቀጾቹን ራሳችሁ መፍጠር አለባችሁ። ጫጩቱ ከየትኛው ማዕከል እንደመጣ የሚያሳይ ደረሰኝ፣ የወላጆቹ ምንጭ ከዚሁ ተፋሰስ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ፣ ለካርፕና ለመሳሰሉት የውጭ ዝርያዎች ደግሞ ከወንዝ ጋር የማይገናኝ ኩሬ ብቻ። ማምለጥን በተመለከተ የውጭው ሰነድ የሚያተኩረው በመውጫው ወንፊት ላይ ነው። ፎገራ ሜዳ ላይ ግን ነሐሴ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ውኃው በወንፊቱ በኩል አይመጣም፤ በግድቡ ላይ ተሻግሮ ይሄዳል። እኔ ብሆን «የኩሬው ግድብ የአካባቢው ሽማግሌዎች ከሚያስታውሱት ከፍተኛ የጎርፍ ልክ በግማሽ ሜትር ይብለጥ» ብዬ እጽፍና ልኩ በዛፍ ወይም በግድግዳ ላይ ሦስት ሰዎች ባሉበት ምልክት እንዲደረግበት አዝዛለሁ። የጣና በልጫዎች (ባርባስ የሚባሉት ዓሣዎች) ነገርም አለ። አሥራ አምስት ያህሉ ዝርያዎች ከዚህ ሐይቅ ሌላ መኖሪያ የላቸውም፤ ብዙዎቹም ለመራባት በክረምት ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ። ለኩሬ ተብሎ በእነዚያ ወንዞች ላይ የሚሠራ ጠለፋ የመውጫ መንገዳቸውን እንዳይዘጋ አንድ አንቀጽ ይገባቸዋል።

ወንዴ ብቻ የሆነ ጫጩት ለማግኘት የሚሰጠው ሆርሞን በስብሰባችሁ ላይ ክርክር ማስነሣቱ አይቀርም። አሠራሩ ይህ ነው፦ ገና የተፈለፈለው ጫጩት ከ21 እስከ 28 ቀን በኪሎ መኖ 60 ሚሊ ግራም ሜቲልቴስቶስቴሮን የተቀላቀለበት መኖ ይመገባል፤ ገበያ የሚወጣው ከወራት በኋላ ነው። የኤኤስሲው ደረጃ ለጫጩት ብቻ ይፈቅደዋል። በእኔ አስተያየት የሸማቹ ሥጋት ከእውነተኛው አደጋ የገዘፈ ነው፤ የሚያሰጋው የማዳቀያው ሠራተኛ ዱቄቱን ያለ ጓንትና ያለ ጭንብል መቀላቀሉና የገንዳው ውኃ ሳይቆይ ወደ ወንዝ መለቀቁ ነው። ደረጃው እነዚህን ሁለቱን ይቆጣጠር።

ኬጅን በተመለከተ አንድ ደረጃ ብቻውን ሊፈታው የማይችለው ነገር እንዳለ ለኮሚቴው በግልጽ ይነገረው። የምስክር ወረቀት የሚመዝነው አንድን እርሻ ነው፤ ሐይቅን የሚጎዳው ግን የእርሻዎቹ ድምር ነው። አሥር ኬጆች እያንዳንዳቸው ወሰናቸውን ጠብቀው ሐይቁን በጋራ ሊያፍኑት ይችላሉ። በገጽ ላይ መውጫ ወንዝ በሌለው እንደ ሐዋሳ ባለ ሐይቅ ላይ ደግሞ የገባው ፎስፈረስ እዚያው ይከማቻል። ጣና ዓባይ መውጫው ነው፤ ነገር ግን እምቦጭ በአሥር ዓመት ውስጥ ምን እንዳደረገው የአካባቢው ሰው ከእኔ በላይ ያውቃል። ስለሆነም ሐይቁ ስንት ቶን ዓሣ በኬጅ ሊሸከም እንደሚችል በጥናት ተወስኖ፣ ኬጅ የሚፈቀድባቸው ቦታዎች በካርታ እስካልተለዩ ድረስ ለኬጅ የሚሆነው ምዕራፍ ባዶ ይቆይ። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት የተመዘገበ መሆኑ ለዚህ መነሻ የሚሆን የቀጣና ክፍፍል ይሰጣችኋል።

ከሰነዱ ይዘት ባልተናነሰ ሰነዱን ማን ጻፈው የሚለው ይከብዳል። የሽሪምፕ ደረጃ በመድረኩ ላይ ሲዘጋጅ የማንግሮቭ ደን ዳር ማኅበረሰቦችን እንወክላለን ያሉ ድርጅቶች አልተደመጥንም ብለው በይፋ ተቃውመውታል፤ ቅሬታው ደረጃው ከጸደቀም በኋላ ተከትሎት ዘልቋል። ይሁንና በዚያው ደረጃ ውስጥ የሚመሰገን ነገር አለ፦ ከግንቦት 1999 እ.ኤ.አ. በኋላ ማንግሮቭ መንጥሮ የተሠራ ኩሬ የምስክር ወረቀት አያገኝም። ቀኑ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም፤ የራምሳር የረግረግ መሬት ስምምነት አባል አገሮች በዚያ ወር የወሰኑትን ተከትሎ የተቀመጠ ነው። እናንተም ረግረግ አድርቆ የተቆፈረ ኩሬን የምትከለክሉ ከሆነ እንዲህ ያለ ሊከራከሩበት የማይቻል የመነሻ ቀን ፈልጉ፤ ደረጃው የጸደቀበትን ቀን መነሻ ብታደርጉት ግን ረቂቁ እንደተሰማ ቁፋሮ ይጣደፋል። ኮሚቴያችሁ ውስጥ ዓሣ አስጋሪው፣ ዓሣ ነጋዴዋ፣ ከኩሬው በታች ወንዙን ለመስኖና ለከብት የሚጠቀመው ገበሬ ወንበር ይኑራቸው። ረቂቁ ቢያንስ ለ60 ቀን ለአስተያየት ይውጣ፤ ለቀረበው አስተያየት ሁሉ ተቀብለነዋል ወይም በዚህ ምክንያት አልተቀበልነውም የሚል መልስ በጽሑፍ ይሰጥ። አስጋሪው መጥቶ ቁጭ ብሎ ዝም ካለ ተስማማ ማለት አይደለም። ሰነዱን በመረብ መጠገኛው ቦታ ሄዶ ማንበብ ይሻላል።

ስለ መዋቅሩ ባጭሩ ልለፍ። ደረጃ የሚያወጣው፣ የምስክር ወረቀት የሚሰጠውና የሰጪውን ብቃት የሚያረጋግጠው ሦስት የተለያዩ አካላት መሆን አለባቸው። ለዚህ አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም፤ የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት፣ የተስማሚነት ምዘና ድርጅትና የአክሪዲቴሽን አገልግሎት አሉ፤ ለምርት ማረጋገጫ ሰጪዎች የሚያገለግለውም ዓለም አቀፍ ደረጃ አይኤስኦ 17065 ነው። በወረዳ ደረጃ መጠንቀቅ ያለባችሁ አርቢውን የሚያማክረው የልማት ሠራተኛ ራሱ ኦዲተር ሆኖ እንዳይመደብ ነው። ያስተማረውን ተማሪ ማን ይጥላል?

ወጪን በተመለከተ፣ ኦዲተር ከሩቅ መጥቶ አንድ ኩሬ አይቶ እንዲሄድ መክፈል ለአንድ ወጣት ማኅበር የዓመቱን ትርፍ መስጠት ሊሆን ይችላል። መፍትሔው የቡድን ማረጋገጫ ነው፤ ይህም ለእኛ አዲስ አይደለም። የቡና ገበሬዎች ዩኒየኖች የኦርጋኒክና የፍትሐዊ ንግድ ወረቀታቸውን ሲያገኙ የኖሩት በዚሁ መንገድ ነው፤ ማኅበሩ በውስጥ ተቆጣጣሪው አባላቱን ሁሉ በየዓመቱ ያያል፣ የውጭ ኦዲተሩ ናሙና ወስዶ የውስጥ ቁጥጥሩ የሚታመን መሆኑን ይፈትሻል። በካሬ ሥር ስሌት ከመቶ አባላት አሥሩን ማየት ይበቃዋል። ስለዚህ ረቂቁን ከመጨረሳችሁ በፊት ከቡና ዩኒየን አንድ የውስጥ ተቆጣጣሪ ጋብዛችሁ ግማሽ ቀን አነጋግሩት።

በዚሁ አንጻር ለወጣቶቹ ቃል የምትገቡትን ነገር መጥኑ። ኤኤስሲን ያስፋፋው የአውሮፓ ገዢ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የቬትናም ፓንጋሲየስ ዓሣ በበርካታ የአውሮፓ አገሮች የሸማቾች መመሪያ ላይ በቀይ መዝገብ ሲገባ አገሪቱ ተቃውሞ ካሰማች በኋላ ወደ ምስክር ወረቀቱ ያመራችው ገበያዋን ላለማጣት ነበር። ባሕር ዳር ላይ በዐቢይ ጾም ዓሣ የሚገዛ ሰው ግን ስለ ማኅተም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትኩስ ነው ወይ ብሎ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ዋጋ ይጨምርላችኋል አትበሏቸው። ሊያስገኝላቸው የሚችለው ሌላ ነው፦ ባንክ ወይም ማይክሮፋይናንስ እንደ ማስረጃ የሚቀበለው መዝገብ፣ የሆቴሎች የአቅርቦት ውል፣ የወረዳው የመሬትና የውኃ አጠቃቀም ፈቃድ። ከእነዚህ ቢያንስ አንዱን ከሚመለከተው አካል ጋር በጽሑፍ ሳትይዙ ደረጃውን ብታውጁ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ስንት ጊዜ ይፈጃል ላሉት፦ ያ ሁሉ አቅም የነበረው የቆሮሶ መድረክ አራት ዓመት ተኩል ገደማ ፈጅቶበታል። እናንተ ቅርጹ ስላለላችሁ ያን ያህል አያስፈልጋችሁም፤ ሆኖም ከሁለት የምርት ዙር ባነሰ ጊዜ ወሰን ማስቀመጥ አይቻልም፤ ደጋ ላይ ደግሞ አንድ ዙር ከስምንት ወር እስከ ዓመት ይሄዳልና ሁለት ዓመት ያዙ። በመጀመሪያው ዓመት ወሰን የሌለበት ረቂቅ ይዛችሁ በቆላና በደጋ ካሉ ኩሬዎች አሥራ አምስት ያህሉን ምረጡ፤ ለኩ፣ መዝግቡ፣ ማንንም አትጣሉ። በሁለተኛው ዓመት ከተመዘገበው ቁጥር ተነሥታችሁ የተሻሉት አርቢዎች የደረሱበትን ሌሎቹ በጥረት ሊደርሱበት የሚችሉት ወሰን አድርጉት። ለዚህ የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ አንድ የኦክስጅን መለኪያ ከነመለዋወጫ ሜምብሬኑ፣ አንድ ቴርሞሜትር፣ እስከ 50 ኪሎ የሚመዝን ተንጠልጣይ ሚዛን፣ ለእያንዳንዱ ኩሬ አንድ ደብተር። የክረምቱ ልኬት እንዳያመልጣችሁ ዕቃው ከሰኔ በፊት እጃችሁ ይግባ፤ መለኪያውንም ባሕር ዳር ላይ ስትከፍቱት መጀመሪያ ከፍታውን 1,800 ሜትር ብላችሁ ሙሉበት፤ ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከፋብሪካ ሲወጡ በባሕር ጠለል ላይ የተስተካከሉ ናቸው።